«የሴት» የተባለ ሁሉ ለምን ያንሳል?

ትምህርታዊ ዝግጅታችን ዛሬ ወደ ሆሳዕና፣ ወደ ዱራሜና በዙሪያቸው ወዳሉት የሀዲያና የከምባታ ከተሞች ያቀናል። ርዕሳችን ሴትነትን መናቅ ነው። በሴቶች ላይ ስለሚደርስ በደል ብዙ ተብሏል። የሴት የተባለ ነገር ሁሉ፣ ሥራውም ሆነ አካሉ ወይም ጠባዩ፣ ለምን ዝቅ ተደርጎ እንደሚታይ ግን ገና በሚገባ አልተወያየንበትም።

(አጭር ሙዚቃ)

ሎዛ አበራ ዱራሜ የተወለደች እግር ኳስ ተጫዋች ናት። በሐዋሳ ከተማ ስሟን አስጠራች፤ በደደቢትና በአዳማ ከተማ ተጫወተች፤ የብሔራዊ ቡድኑም አጥቂ ሆነች። ከዚያ ባሕር ተሻግራ ማልታ ውስጥ ለቢርኪርካራ ክለብ ተሰለፈች። እ.ኤ.አ. በ2019/20 የውድድር ዘመን 30 ጎሎች አስቆጥራ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ነበረች። እንዲህ ያለች ልጅ ስትነሳ የወጣችበት ከተማ ይኮራል። ሆኖም በአገራችን ጎበዝ ሴት ስትወደስ የምትሰማውን ሁሉም ያውቀዋል፤ «እሷ እኮ ወንድ ናት» ትባላለች። ተናጋሪው ሊያከብራት ብሎ ነው፤ አድማጩም እንደ ሙገሳ ይቀበለዋል።

አሁን ደግሞ በዚያው በዱራሜ ዳርቻ ያለ አንድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ከእናቱ ጎን ተቀምጦ እንሰት ሲፍቅ ሰው አየው እንበል። ማንም አይኮራበትም። እኩዮቹ ይስቁበታል፤ አባቱ ያፍርበታል፤ እናቱ ራሷ «ተነስ፣ ሰው እንዳያይህ» ትለዋለች። «ሴታ ሴት» የሚለው ስም ከተለጠፈበት ደግሞ ከሰፈር እስከ ትምህርት ቤት ይከተለዋል። ልጁ የሠራው ጥፋት የለም። እናቱን አግዟል፤ ያዘጋጀው ምግብም ቤተሰቡ ማታ የሚበላው ነው።

የጉዳዩ ፍሬ ያለው በእነዚህ በሁለቱ ልጆች ልዩነት ላይ ነው። ችግሩ ሴትና ወንድ የየራሳቸው ድርሻ ስላላቸው ብቻ ቢሆን ኖሮ ድንበሩን ያለፈ ሁሉ እኩል በተወቀሰ ነበር። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ልጅቷ ወደ ወንዶቹ ሜዳ ስትገባ ከፍ እንዳለች ይቆጠራል፤ ልጁ ወደ ሴቶቹ ሥራ ሲገባ ግን እንደተዋረደ ይታያል። ስለዚህ የሚናቀው ድንበር ማለፉ አይደለም፤ ሴትነቱ ነው። ለወንድ ልጅ ከባዶቹ ስድቦች በሴት የሚጀምሩት፣ አባት የሌለው ልጅም «የሴት ልጅ» እየተባለ የሚሸማቀቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ብቻዋን ያሳደገችውን እናት ማመስገን ሲገባ ስሟ መሰደቢያ ይሆናል።

ሴት ግን አገርም መርታለች። ሆሳዕና ውስጥ በዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ትልቅ ሆስፒታል በንግሥት እሌኒ መሐመድ ስም ተሰይሟል። እሌኒ የሀዲያው ገዥ (ገራድ) የመሐመድ ልጅ ነበሩ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በጋብቻ ወደ ሰሎሞናውያን ቤተ መንግሥት ገቡ፤ ከዚያም ነገሥታት ሲፈራረቁ እሳቸው ከሥልጣን አጠገብ ሳይርቁ ዘለቁ። እ.ኤ.አ. በ1508 ልብነ ድንግል ገና በልጅነቱ ሲነግሥ መንግሥቱን በሞግዚትነት ያስተዳደሩ እሳቸው ነበሩ። ማቴዎስ የተባለውን መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል የላኩትም እሌኒ ናቸው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ትኩረት የሚሻው ጋብቻው ነው። የገራዱ ልጅ የተዳረችው ሁለት መንግሥታት ለመታረቅና ለመወዳጀት ሲሉ ነበር። ወንዶች ለተስማሙበት ጉዳይ የተሰጠች ልጅ ራሷ የጉዳዩ መሪ ሆና ወጣች። በስማቸው የሚጠራው ሆስፒታል በር በየቀኑ ለመውለድ ለሚመጡ ሴቶች ይከፈታል። ከእነዚያ ሴቶች ብዙዎቹ የሚመጡት ቀኑን ሙሉ ከማይቆጠርላቸው ሥራ ተነስተው ነው።

ስለዚያ ሥራ ትንሽ ዘርዘር አድርጎ መናገር ይገባል። በሀዲያና በከምባታ ጓሮ ቤቱን ከቦ የቆመው እንሰት የቤተሰቡ ሕይወት ነው። በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ከ20 ሚሊዮን የማያንስ ሕዝብ በእንሰት ላይ ተደግፎ እንደሚኖር ይገመታል። ተክሉ ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ ከደረሰ ግን ክረምት ከበጋ ሳይል ሲፈለግ ይነሳል። ዝናብ በጠፋበት ዓመት ጤፍና በቆሎ ሲከስሙ እንሰት ይቆማል። የእንሰት አገር በ1977ቱ ረሃብ ከሰሜኑ በተሻለ የተረፈበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነበር።

መቆፈሩና ማዛወሩ በአብዛኛው የወንድ ነው። ምግብ የሚያደርጉት ግን ሴቶች ናቸው። ግንዱ ላይ የተደራረበውን ቅርፊት በዘንባላ ሳንቃ ላይ አጋድመው፣ ጫፉን በእግራቸው ረግጠው፣ በቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ይፍቁታል። ፍቁ ወደ አንድ በኩል፣ ቃጫው ወደ ሌላው ይለያል። ሥሩን በጥርሳም መከትከቻ ያደቁታል። ከሚጨመቀው ውሃ ሥር የሚዘቅጠው ነጭ ቡላ ይሆናል። ቀሪው በቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ተቀብሮ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት እየተብላላ ቆጮ ይሆናል። ጉድጓዱ መቼ እንደሚከፈት፣ መቼ እንደሚገለበጥ፣ ከየትኛው የቆየ እርሾ እንደሚጨመርበት የሚያውቁት እነሱ ናቸው። በዩኒቨርሲቲ ቢሆን ይህ የማብላላት ሳይንስ ተብሎ የሚጠና ዕውቀት ነው፤ በጓሮ ግን «የሴት ሥራ» ይባላል።

በብዙ ቤተሰብ ወንድ ወደ መፋቂያው ሥፍራ ዝር አይልም፤ ነውር ነው። ነውሩ ከየት መጣ? ሥራው ቀላል ስለሆነ ነው እንዳይባል፣ ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው። ጥቅም የለውም እንዳይባል፣ ያለሱ ማዕድ የለም። የሚናቀው ሴቶች ስለሚሠሩት ብቻ ነው። ይህን ማለት ከባድ ሊመስል ይችላል፤ ግን ሌላ ምክንያት ፈልጎ ማግኘት አይቻልም።

ቅቤውም እንደዚያው ነው። ሴቶች ከየቤታቸው ጥቂት ጥቂት ቅቤ እያዋጡ በየተራ ለአንዷ የሚሰጡበት ውጆ የሚባል ማኅበር በዚህ አካባቢ የቆየ ነው። ባንክ ባልነበረበት ዘመን ይህ ቁጠባ ነበር፤ ብድርም ነበር። ለመስቀል በየቤቱ የሚቀርበው አተካና የተባለ ምግብ ያለ ቅቤና ያለ ቡላ አይታሰብም፤ ሁለቱም ያለፉት በሴቶች እጅ ነው። በዓሉ ሲወራ ግን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠራው የታረደው በሬ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ንቀቱ ከሥራ አልፎ አካል ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚመስል ከምባታ ለዓለም አሳይታለች። ደስ የሚለው፣ መውጫውንም ያሳየች እሷ ናት።

ዶክተር ቦጋለች ገብሬ የተወለዱት በከምባታ ዛቶ በምትባል መንደር ነው። በልጅነታቸው ሴት ልጅ ትምህርት ቤት መሄዷ አልተለመደም ነበር፤ ልጅቷ ውሃ ልትቀዳ የወጣች መስላ ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት እየሄደች ፊደል ቆጠረች። በአሥራ ሁለት ዓመቷ አካባቢ እንደ እኩዮቿ ሁሉ ተገረዘች፤ ብዙ ደም ፈሷት ከሞት ተረፈች። እህቷ መንታ አርግዛ ሳለች በወሊድ ሞተች። ቦጋለች ትምህርታቸውን በአዲስ አበባ ቀጠሉ፤ ከዚያ ኢየሩሳሌም ሄደው ማይክሮባዮሎጂ አጠኑ፤ በአሜሪካም ማሳቹሴትስና ሎስ አንጀለስ ተማሩ። የሰውነትን አሠራር በሳይንስ ዐይን ሲያዩት በልጅነታቸው የተፈጸመባቸው ነገር ለጤናም ለሃይማኖትም ምንም ጥቅም እንደሌለው ተረዱ።

ግርዛት ለምን ይደረጋል? በብዙ የኢትዮጵያ አካባቢዎች የሚሰጠው መልስ ተመሳሳይ ነው። ያልተገረዘች ልጅ ንጹሕ አይደለችም ይባላል፤ ዓይነ አውጣ ትሆናለች፣ ዕቃ ትሰብራለች፣ ባል አታገኝም ይባላል። ምክንያቶቹ በዝተው ሲደረደሩ አንድ ነገር ይጋራሉ። ሴት ልጅ እንደተፈጠረች ብትተው ትበላሻለች፤ ስለዚህ መቀነስ አለባት የሚል እምነት ነው። በምላጭ የሚቆረጠው ሥጋ ቢሆንም የሚፈራው ስሜቷና ፈቃዷ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው፣ በስድስት የአፍሪካ አገሮች ከ28,000 በላይ ወላዶችን ያካተተ ጥናት ግርዛት በወሊድ ጊዜ የደም መፍሰስን፣ የቀዶ ጥገናንና የሕፃናትን ሞት እንደሚያባብስ አረጋግጧል።

ዶክተር ቦጋለች እ.ኤ.አ. በ1997 ተመልሰው ከሌላ እህታቸው ከፍቅርተ ገብሬ ጋር «ኬ.ኤም.ጂ.» በሚል አጭር ስም የሚታወቀውን የከምባታ ሴቶች ድርጅት አቋቋሙ። ስለ ኤችአይቪ ኤድስ በቤተ ክርስቲያን ተነስተው ሲናገሩ ሕዝቡ ደነገጠ፤ ሴት በአደባባይ እንዲህ ያለ ነገር አታነሳም ነበርና። ቀጥሎ ያደረጉት ብዙ አስተማሪዎች ሊማሩበት የሚገባ ነው። ስለ ግርዛት ከመስበካቸው በፊት ሰዉ የሚቸገርበትን ጠየቁ። መልሱ ድልድይ ነበር፤ ልጆች ትምህርት ቤት፣ ነጋዴዎች ገበያ የሚሻገሩበት። ድልድዩ ተሠራ፤ ጆሮም ተከፈተ።

ከዚያ በየቀበሌው ውይይት ተጀመረ። ወንድና ሴት፣ ሽማግሌና ወጣት፣ ያገቡና ያላገቡ አንድ ላይ ተቀምጠው በየሁለት ሳምንቱ ይነጋገሩ ነበር። ከውጭ መጥቶ የሚያወግዝ አልነበረም፤ ነዋሪዎቹ ራሳቸው ጠያቂም መላሽም ነበሩ። ስንት ልጅ ደም ፈሷት ሞተች? ስንቷስ በምጥ ቀረች? እነዚህን ሞቶች ሁሉም ቤት ያውቃቸው ነበር፤ ከምላጩ ጋር ያያያዛቸው ግን ጥቂት ነበር። አባቶች ብዙዎቹ ግርዛቱ ሲፈጸም አይተውት አያውቁም፤ «የሴቶች ጉዳይ» ነበራ! ምን እንደሚደረግ በግልጽ ሲሰሙ ያለቀሱ ሽማግሌዎች ነበሩ። እድሮችም ጉዳዩን በደንባቸው ያዙት፤ ሴት ልጁን ያስገረዘ እንዲቀጣ ወሰኑ።

ፈተናው ጋብቻ ነበር። ያልተገረዘች ልጅ ባል አታገኝም የተባለው እውነት ሆኖ ቢገኝ ማንም ወላጅ ደፍሮ አይተውም። በ1995 ዓ.ም. አካባቢ አንዲት ያልተገረዘች ሙሽራና ሙሽራው በሕዝብ ፊት ተጋቡ። 2,000 ያህል ሰው ታደመ፤ በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ያልተገረዙ ልጃገረዶች አጀቧቸው። ሙሽራዋ አለመገረዟን፣ ሙሽራው ደግሞ ያልተገረዘች ሴት በማግባቱ ደስተኛ መሆኑን የሚናገር ጽሑፍ ደረታቸው ላይ አንጠልጥለው ነበር። የዚያ ወጣት ወንድ ድፍረት ከሙሽራዋ ድፍረት አያንስም። ያፍርበታል ተብሎ የሚጠበቀውን ነገር በሠርጉ ቀን በኩራት ተናገረ።

ዩኒሴፍ በአካባቢው ያደረገው ጥናት ግርዛት ሁሉንም ልጃገረዶች ያዳርስ ከነበረበት ደረጃ በአሥር ዓመት ገደማ ወደ 3 በመቶ መውረዱን አመለከተ። በአገር አቀፍ ደረጃ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች የተገረዙት እ.ኤ.አ. በ2000 80 በመቶ፣ በ2005 74 በመቶ፣ በ2016 65 በመቶ እንደነበሩ መዝግቧል። ከምባታ የሮጠችውን መንገድ አገሪቱ በዝግታ ትሄደዋለች። ዶክተር ቦጋለች እ.ኤ.አ. በ2013 የቤልጅየሙን የንጉሥ ቦዱዋን ሽልማት ተቀበሉ፤ በጥቅምት 2012 ዓ.ም. በሎስ አንጀለስ አረፉ።

ሕጉም ቀስ ብሎ ደርሷል። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ልጅ ካገባት ከክስ ያመልጥ ዘንድ በር ይተውለት ነበር። በዳዩ ባል ሲሆን በደሉ ይሰረዛል ማለት ነው። ጠለፋ ደግሞ በከምባታም በሀዲያም የተለመደ ነበር። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ይህን በር ዘጋ፤ አንቀጽ 587 ለጠለፋ ከሦስት እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራት ይደነግጋል። ግርዛትን የሚመለከተው አንቀጽ 565 ግን ከሦስት ወር የማያንስ ቀላል እስራት ወይም ከ500 ብር የማያንስ መቀጮ ይላል። ለአንድ ልጅ የዕድሜ ልክ ጉዳት 500 ብር! ይህ ቁጥር እንደገና መታየት አለበት።

ንቀቱ ወዴት ሥር እንደሰደደ ለማወቅ መሬትና ዘር መመልከት ይጠቅማል። በሀዲያም በከምባታም ጎሳ የሚቆጠረው በአባት ነው፤ መሬት ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ይተላለፋል። ሴት ልጅ ከተወለደች ጀምሮ ለሌላ ቤት የምትሄድ ተብላ ትታያለች፤ በተዳረችበት ደግሞ የመጣች ናት። በሁለቱም ቤት ባለቤት ያልሆነች ሰው የምትሠራው ሥራ የራሷ ሀብት ተደርጎ አይቆጠርላትም። የማይቆጠር ሥራ ደግሞ ይናቃል። በቀድሞው የደቡብ ክልል ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ ያለበት የመሬት ማረጋገጫ ደብተር ሲሰጥ፣ የወረቀቱ ክብደት ከመሬቱ በላይ የሆነውም ለዚህ ነው። ሴትዮዋ በማኅተም ባለቤት ሆነች።

ንቀት ለረጅም ጊዜ ሲቆይ የተናቀውም ያምንበታል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው በዚያው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ባል ሚስቱን ቢያንስ በአንድ ምክንያት መምታቱ ተገቢ ነው ያሉት ወንዶች 28 በመቶ፣ ሴቶች 63 በመቶ ነበሩ። ከተጠየቁት ምክንያቶች አንዱ ወጥ ማሳረር ነው። ይህን ሰምቶ «ሴትን የምትጠላ ሴት ናት» ብሎ መደምደም ስህተት ነው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንድትቀነስ የተነገራት፣ ዱላውን ስትቃወም የሚሰማት ሽማግሌ ያጣች ሴት ዱላውን ትክክል ነው ብላ መቀበሏ የመኖሪያ ዘዴዋ ሊሆን ይችላል። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2000 ተመሳሳይ መልስ የሰጡት ሴቶች 85 በመቶ ነበሩ። በ16 ዓመት ውስጥ ከአምስት ሴቶች አንዷ ያህል ሐሳቧን ቀይራለች።

ወንዶችም ከዚህ ጉዳት አልዳኑም። ከሆሳዕናና ከአካባቢዋ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሰድደዋል። እዚያ በየመንደሩ ትናንሽ ሱቅ ከፍተው ሲኖሩ ያበስላሉ፣ ያጥባሉ፣ የታመመ ጓደኛ ያስታምማሉ። እጃቸው የቻለውን ሥራ አገር ቤት ሳሉ እንዳይነኩት የከለከላቸው አፈጣጠር አልነበረም፤ የሰው ሳቅ ነበር። በሌላ በኩል እዚህ የቀሩት ሚስቶች ማሳውን ያሳርሳሉ፣ ባንክ ይመላለሳሉ፣ ቤት ያሠራሉ። ባል ሲመለስ የቀድሞው ድንበር ተመልሶ ይሰመር ወይስ አይሰመር የሚለው በብዙ ቤት ውስጥ ያለ፣ ግን በአደባባይ ያልተነሳ ጥያቄ ነው።

ግርዛትን ከምባታ ውስጥ ያንበረከከው የውይይት ሥርዓት ሴትነትን መናቅን ለመቀየርም ይሆናል፤ አሠራሩን የሚያውቁ ሰዎችም አሉ። እድሮች ስብሰባ አላቸው፤ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች ጉባኤ አላቸው፤ ትምህርት ቤቶች በየወሰነ ትምህርቱ ወላጆችን ይጠራሉ። የሚነሱት ጥያቄዎችም ከቤት የሚጀምሩ ናቸው። ከትምህርት ቤት እኩል ከተመለሱ ወንድምና እህት ውሃ የሚቀዳው ማነው፣ ደብተር የሚከፍተውስ? ቆጮና ቡላ ተሸጦ የገባው ገንዘብ በማን እጅ ይውላል? ወንድ ልጅ ሲያለቅስ ወይም እናቱን ሲያግዝ «ሴት ሆንክ እንዴ» ያለውን ሰው ከጎኑ የተቀመጠው ምን ይለዋል? በከምባታ ውይይቶች የታየው አንድ ነገር አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ስብሰባዎች ላይ ሴቶች ዝም ይሉ ነበር፤ አወያዮቹ ዝምታውን እንደ ስምምነት ሳይቆጥሩ በትዕግሥት ስለጠበቁ በኋላ ተናገሩ። በሀዲያም ሆነ በከምባታ ይህን ውይይት የሚጀምር የእድር ሰብሳቢ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ይህ ትዕግሥት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ስብሰባውን ሴቶቹ ከእንሰት ሥራ በሚያርፉበት ሰዓት መጥራት።